ብስክሌት የሚነሳበት ጉብታ

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚዘልቀው የብስክሌት ጉዞ ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ ይሻገር የነበረው በሞያሌ ነው። አስፋልቱ እስኪነጠፍ ድረስ እስከ ማርሳቢት ያለው ኮረኮንች ጋላቢውን ከኮርቻው ሲያነጥር ይውል ነበር። በዚሁ አካባቢ ቀይ አፈር ግን መነሳትንም ማረፍንም በልክ መሥራት ይቻላል።

የተራራ ብስክሌት መዝለያ ሁለት ጉብታ ነው፤ መነሻና ማረፊያ። ጀማሪ ሐሳቡን ሁሉ መነሻው ላይ ይጥላል። አፈር ካጠረ ግን ማረፊያው ላይ ይፍሰስ እላለሁ። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እየበረረ በ30 ዲግሪ የተነሳ ብስክሌት አየር ላይ 4.3 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከመነሻው ጫፍ እኩል በሆነ ሜዳ ላይ ካረፈ፣ ጉልበት የሚቀበለው ከ60 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ የመውደቅን ያህል ነው። እዚያው 20 ዲግሪ ቁልቁለት ቢጠብቀው 8 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለጀማሪዎች በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ በአፈር ይሞላ፤ ዝላዩ ያጠረበት ሰው ጉድጓድ አይገባም።

የመነሻው ነገር ቅስቱ ነው። መጨረሻው ላይ ድንገት ቀና ካለ የኋላውን ጎማ ይመታዋል፤ ብስክሌቱም በፊቱ ይደፋል። ለ60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አንድ ኮምፔንሳቶ መሬት ላይ ይነጠፋል፤ 4.5 ሜትር ገመድ ከችካል ጋር ይታሰርና በሌላው ጫፍ ባለው ምስማር ቅስቱ ይጫራል። በጭረቱ የተቆረጠው ኮምፔንሳቶ ጉብታው ላይ ሲቆም፣ ብርሃን በሚያሾልክበት አፈር ይጨመራል፤ በሚወዛወዝበት ይፋቃል።

አፈሩ ስንዝር ስንዝር እየተነጠፈ ይጠቀጠቃል። እርጥበቱ የሚለካው በእጅ ነው፤ ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን ይዞ ከቀረ ደርሷል። ውኃ በጀሪካን በሚቆጠርበት ከተማ ግን ለጉብታ ውኃ መለመን አይገባም፤ በሞያሌ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን ዝናብ መጠበቅ ይሻላል። ቦረናዎች በዱብሉቅ ጥልቅ ጉድጓዶች አጠገብ የከብት ማጠጫ ገንዳቸውን በጭቃ ይሠራሉ፣ ሲሸረሸርም መልሰው ይለስናሉ። ጉብታም ጠጋኝ እጅ ይፈልጋል።

ከጎኑ የጎርፍ ቦይ ይቆፈርለት። ከዝናብ በኋላም ጫፉ ሳይደርቅ ማንም አይንዳበት፤ አንድ ጎማ ጭቃው ላይ የተወው መስመር ሲደርቅ ቀጣዩን ጎማ ይዞ ይጎትታል።