የጦርነት ስምና የቤት ትምህርት

አዳማ ሁለት ስም ያላት ከተማ ናት። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በገሊላይቱ ከተማ ስም ናዝሬት ተባለች፤ በኋላም በ1992 ዓ.ም. ገደማ የቀድሞ ስሟ በይፋ ተመለሰላት። ዛሬም በአንድ ማዕድ ዙሪያ አያት ናዝሬት ሲሉ የልጅ ልጅ አዳማ ይላል፤ ሁለቱም ይግባባሉ። ልጁ ስለ ጦርነት በጠየቀ ጊዜ ግን የምንሰጠው ስም እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ከስሙ ጋር ፍርድም አብሮ ይሰጣልና።

አባቶቻችን ጦርነትን ብዙ ጊዜ የጠሩት በስፍራው ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገው ዓድዋ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የተደረገው ማይጨው ተባለ። ከማይጨው በኋላ የመጣውን መከራ ግን በቍጥር «አምስቱ ዓመት» አሉት። ጠላት «የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ» ብሎ ጸንቶ የሚኖር መንግሥት የመሠረተ መስሎት ነበረ፤ ሕዝቡ ግን ዘመኑን ቈጠረበት፤ የተቈጠረ ዘመን ያልፋልና።

ስሙን በልብ የሚያትመው ዘፈን ነው። በፉከራና በቀረርቶ፣ በኦሮሞም ዘንድ በጌረርሳ፣ ጀግና ይወደሳል። መኳንንቱም በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበረ፤ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው ተብለዋል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው ጦር «ቃኘው» መባሉ ከዚሁ የመጣ ነው። የዘፈንን ኃይል ጠላትም ያውቅ ነበረ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ፤ የጣሊያንን መውደቅ ለሕዝብ ያወራሉ ብሎ ነበረ።

ይሁን እንጂ ፉከራ የጦርነት ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ሴቶች ለቀረው ሰው የሚያወርዱት ሙሾ ነው። የመጀመሪያው ሲወጡ፣ ሁለተኛው መርዶ ሲመጣ ይሰማል።

በሰው ስም የተጠራ ጦርነት ከሁሉ ይልቅ ያቈስላል። በ1521 ዓ.ም. ከአዳማ ብዙ በማይርቅ አገር፣ በሽምብራ ኩሬ፣ የዐፄ ልብነ ድንግል ጦር ተሸነፈ። ይህ የስፍራ ስም ማንንም አይነካም። ጦርነቱን በሙሉ ግን እኛ «የግራኝ ወረራ» ስንለው፣ ሙስሊሙ ጎረቤታችን መሪውን ኢማም አሕመድ ብሎ በክብር ይጠራዋል። ከቢሾፍቱ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች ደግሞ የሁለቱም ልጆች በአንድ ግቢ ያድጋሉ። በቅርቡም፣ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ለአንዱ «ሕግ ማስከበር»፣ ለሌላው «የትግራይ ጦርነት»፣ ለሦስተኛው «የሰሜኑ ጦርነት» ሆነ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ ስሞቹ ግን ገና አልታረቁም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ልጅ ሲጠይቅ አስቀድመን ስፍራውንና ዓመቱን፣ ቀጥሎም የሞቱትን እንንገረው፤ ፉከራው ከዚያ በኋላ ይምጣ። በጦር ሜዳ ለጀግና በፈረስ ስሙ ይፎከርለታል፤ በፍትሐትና በተዝካር ጊዜ ግን ካህኑ የሚጠራው የክርስትና ስሙን ነው። ልጆቻችን ሁለቱንም ይወቁ፤ የትኛው መቼ እንደሚጠራም ከእኛ ይማሩ።