ሆደ ሰፊው ማርሚታ

125 ወይም 150 ሲሲ የሆነች ባለ ሁለት ምት ኢንዱሮ (የጭቃና የድንጋይ መንገድ) ሞተር ሳይክልን ከጎን ሲያዩዋት መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ማርሚታዋ ነው። ከሞተሩ ቀጥኖ ይወጣል፣ መሃል ላይ ሆዱ ይነፋል፣ ወደ ኋላ እንደገና ይጠባል። ለጌጥ የተሠራ ይመስላል። ያ የተነፋ ቆርቆሮ ባይኖር ግን ዳገቱን የምትወጣበት ጉልበት ባልኖራት ነበር።

የተለመደው የመኪና ሞተር በእያንዳንዱ ሲሊንደር ክራንክ ሻፍቱ ሁለቴ ዞሮ አንዴ ያቃጥላል፤ ይህኛው በየዙሩ ያቃጥላል። ከላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ የለውም፤ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች የሚከፍትና የሚዘጋው ፒስተኑ ራሱ ነው። ዕቃው ጥቂት ስለሆነ ቀላል ነው። ጣጣው አዲሱ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ሲገባ የጭሱ መውጫ ገና አለመዘጋቱ ነው፤ ከፊሉ ሳይቃጠል ያመልጣል። ማርሚታው የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። ከሲሊንደሩ የወጣው የግፊት ሞገድ ሰፊውን ሆድ አልፎ የሚጠበውን ጫፍ ሲመታ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሲመለስም ያመለጠውን ድብልቅ ገፍቶ ያስገባዋል። ወዲያው ፒስተኑ መውጫውን ይዘጋል።

ይህን የሞገድ ስሌት ከዳር ያደረሰው በምሥራቅ ጀርመን፣ ቾፓው ከተማ፣ የኤምዜድ ፋብሪካ መሐንዲስ የነበረው ቫልተር ካደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ከ125 ሲሲ 25 የፈረስ ጉልበት አወጣ። በዚያው ዓመት የፋብሪካው ተወዳዳሪ ኤርንስት ዴግነር ስዊድን ለውድድር በሄደበት ከድቶ ምዕራብ ቀረ፤ የካደንን ዕውቀት ይዞም ሱዙኪ ገባ። በ1962 በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በሱዙኪ ነው። ስርቆት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም አልከራከራቸውም።

ኤምዜድ ጭቃውም ላይ አልሰነፈም። በ1964 ዓለም አቀፉ የስድስት ቀን የሞተር ሳይክል ውድድር ኤርፉርት ላይ ሲካሄድ፣ የፊልም ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን ለአሜሪካ በከባድ ትሪያምፍ ተሰልፎ፣ ወድቆ ከውድድሩ ወጣ። ዋንጫውን በኤምዜድ የተሰለፉት ምሥራቅ ጀርመኖች ወሰዱት።

ከማርሚታው የሚመለሰው ሞገድ ግን በሰዓቱ የሚደርሰው ሞተሩ በተወሰነ ፍጥነት ሲሽከረከር ብቻ ነው። ከዚያ በታች ፈዛዛ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ድንገት ይፈተለካል። ስለዚህ ሞተረኛው ማርሽ ቶሎ ቶሎ ይቀይራል፣ እጁም ከፍሪሲዮኑ አይርቅም። ትልቅ ሞተር የነጂውን ስንፍና ይሸፍናል፤ ይህች አትሸፍንም። በምትኩ ክብደቷ 100 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ቋጥኝ መሃል ብትወድቅ አንድ ሰው ብቻውን ያነሳታል።

በተለመደው አሠራር ዘይቷ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ይገባል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ሳይሰጡ በማርሽ መውረድ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ጎማው ሞተሩን በኃይል ያዞረዋል፣ ዘይት ግን እምብዛም አይደርሰውም፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። የሚያውቁት ፍሪሲዮን ይዘው ይወርዳሉ፤ አለዚያም መሃል መሃል ነዳጅ ይሰጧታል። የኦስትሪያው ኬቲኤም በ2020 ሞዴሉ ባለ 150 ሲሲዋን ያለ ካርቡሬተር፣ ዘይቱንም ለብቻው በሚረጭ ፓምፕ አቅርቧታል።

በየጊዜው ፒስተን መለወጥ ግን አልቀረም። ደግነቱ ሲሊንደሩ በጥቂት ብሎኖች ይፈታል። ያገለገለች የሚገዛ ሰው ቀለሟን ከማየቱ በፊት ፒስተኗ መቼ እንደተለወጠ ይጠይቅ።