ስለ ቤት ፕላንና ስለ ክፍሎች አደላደል

በምዕራብ ሸዋ፥ በሸነንና በዙሪያዋ ባለው ደጋ፥ የገበሬ ቤት ከጥንት ጀምሮ ክብ ኾኖ ሲሠራ ኖሯል። ፕላኑ በወረቀት ባይነደፍም ሥርዓት አለው። ይኸውም አንድ ችካል ከመካከል ይተከላል፤ በችካሉም ላይ ገመድ ታስሮ ዙሪያው ይሠመራል፤ በኋላም በችካሉ ስፍራ በኦሮምኛ ኡቱባ የሚባለው ምሰሶ ይቆማል። የውስጠኛው ወገን ጓዳ ነው፤ እህልና ዕቃ በዚያ ይቀመጣል። ጥጆች በበሩ አጠገብ ይታሰራሉ፤ እሳቱም ከመካከል ይነዳል።

ክብ ቤት ያለ ምክንያት የተሠራ አይደለም። ገመዱ 3 ሜትር ቢኾን የግድግዳው ዙሪያ 19 ሜትር ያህል፥ ወለሉም 28 ካሬ ሜትር ያህል ይኾናል። በዚያው ልክ ግድግዳ አራቱ ጐኑ እኩል የኾነ ቤት ቢሠራ ግን ወለሉ ከ22 ካሬ ሜትር እምብዛም አያልፍም። መምህሩ ይህን በትምህርት ቤቱ ሜዳ በገመድ ቢያሳይ ተማሪው ሒሳቡን አይረሳውም። ነገር ግን ክቡን ቤት በክፍል ለመለየት ያስቸግራል፤ አልጋና ሣጥንም ከግድግዳው ጋራ አይገጥሙም። ቆርቆሮ ሲበዛ አራት ማዕዘን ቤት የበዛው ስለዚህ ነው።

ጉዳቱም የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ጣራውን ሲለውጥ ምድጃውን ከቀድሞው ስፍራ አያነሣም። የሣር ክዳን ጢሱን ጥቂት በጥቂት ያሳልፋል፤ ቆርቆሮ ግን መልሶ ወደ ቤት ይሰደዋል። የማገዶ ጢስ የሕፃናትን ሳንባ ይጐዳል፤ ከምድጃ ሥር ለምትውለው እናትም የዐይን ሞራ ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2020 ዓመት፥ በቤት ውስጥ በሚታፈን ጢስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል፤ ከነዚህም ከ237 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ነበር።

ስለዚህ ቤት የሚሠራ ሰው ጉድጓድ ሳይቈፍር አስቀድሞ ክፍሎቹን በችካልና በገመድ ከመሬት ላይ ይንደፍ፤ ሚስቱም በውስጡ ተመላልሳ ትይ። እንጀራ የምትጋግረው እርስዋ ናትና የምድጃውን ነገር ከአናጢው ይልቅ ታውቃለች። ማድ ቤቱ ለብቻው፥ ነፋስ ጢሱን ወደ መኝታ ቤት በማያመጣበት ወገን ይሠራ። ለዚህ ዐቅም ያነሰው ሰው ከጣራው ሥር በሁለት ወገን ትይዩ መስኮት ያውጣ።

ከብቶቹን ወደ ውጭ ለማውጣት ግን ሽማግሌዎች ሌባና ጅብ ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውም እውነት ነው። በረቱ ከመኝታው ግድግዳ ጋራ ተያይዞ በሩ ለብቻው ቢኾን ባለቤቱ ሌሊት ኮሽታውን ይሰማል፤ እበቱና ትንፋሹ ግን ከልጆቹ ጋራ አያድርም።