ተጨማሪ መረጃ፦ የአንድ ማርክ ውርርድ

እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1981 ኦስትሪያዊው የፊልም ተዋናይ ካርልሃይንዝ በም «ቬተን ዳስ» በተባለው የጀርመን ቴሌቪዥን የውርርድ ትርኢት ላይ ቀረቡ። ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ ለሳህል ችግረኞች አንድ ማርክ፣ አንድ የስዊስ ፍራንክ ወይም ሰባት የኦስትሪያ ሽልንግ አይሰጥም ሲሉ ተወራረዱ።

እንዳሉትም ሲሶው አልሰጠም። የተሰበሰበው ገንዘብ ግን ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ሆነ።

ለገቢ አሰባሰብ ተማሪ ቁም ነገሩ አጠያየቁ ላይ ነው። መጠኑ የማንንም ኪስ አይጎዳም፤ በየአገሩ ገንዘብ ተመንዝሮ ተነግሯል፤ እልህም ያጋባል። «የቻላችሁትን እርዱ» ቢሉ ኖሮ ይህን ያህል መገኘቱ ያጠራጥራል።

ከባዱ ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የአንድ ምሽት መዋጮ ስንዴ ተገዝቶበት ሊያልቅ ይችል ነበር። በም ግን በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በሐረርጌ የባቢሌን የተፈናቃዮች መጠለያ ካዩ በኋላ «ሰዎች ለሰዎች» የተሰኘውን ድርጅት መሠረቱ፤ ተፈናቃዮቹም በኤረር ሸለቆ ሰፍረው ማረስ ጀመሩ። ድርጅቱ የያዘው ስልት ውሃን፣ እርሻን፣ ጤናንና ትምህርትን በአንድ ወረዳ አጣምሮ መሥራት፣ ከዓመታት በኋላም ለነዋሪውና ለመንግሥት አስረክቦ መውጣት ነው። መውጫን ከመግቢያው ጋር ማቀድ በብዙ ድርጅቶች ዘንድ ይዘነጋል፤ አንዳንዴም ሆን ተብሎ ይታለፋል።

በመሥራቹ ዝና ለቆመ ድርጅት ተተኪ ማዘጋጀትም የዕቅዱ አካል ነው። በም አመራሩን ለኢትዮጵያዊቷ ባለቤታቸው ለአልማዝ ያስረከቡት እ.ኤ.አ. በ2014 ከማረፋቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነበር።