እናቴ በጀልባ የተሳፈረች ዕለት

እናቴ ዲማ ተወልዳ ዲማ ያረጀች ደገኛ ናት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ዲማ ጊዮርጊስን በስም ያውቃል፤ ጀልባ ግን እዚያ የለም። እናቴ የምታውቀው ውኃ ክረምት ሲገባ የሚሞላውን ወንዝ ነው፤ እሱ ደግሞ ሰው ይወስዳል እንጂ አያሻግርም። ሆኖም ዘጌ ላለችው ለኡራ ኪዳነ ምሕረት የቆየ የጃንጥላ ስለት ነበረባት። አንድ ጥር ላይ «ጉልበቴ ሳይከዳኝ አድርሱኝ» አለችን።

ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ከአዲስ አበባ ተነሳን። እናቴን ከዲማ ይዘን በሞጣ መንገድ ባሕር ዳር ገባን። በማግስቱ ማለዳ ከአንድ ባለጀልባ ጋር በዋጋ ተስማማን። ልንሳፈር ስንል የሕይወት አድን ጃኬቶቹን ቆጠርኩ። እኛ አምስት፣ ጃኬቱ ሦስት፤ ሦስቱም የአዋቂ።

«አይዞዎት እማማ፣ ጣና ዛሬ ሰላም ነው» አላት ለእናቴ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ስለ ጣና ማስታወቂያ ብሠራ የማሳየው የፀሐይዋን መውጣት ነው እንጂ ጃኬት አልቆጥርም። ያን ዕለት ግን ልጆቼ ቸኩለዋል፣ እናቴ ስለቷን ታቅፋ ቆማለች፣ እምቢ ማለት ከበደኝ። የገላገለችኝ እሷው ናት። «ኪዳነ ምሕረት አንድ ሰዓት ብዘገይ አትቀየመኝም» ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ለልጆቹ የሚሆን ጃኬት ከሌላ ጀልባ እስኪመጣ ጠበቅን።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተንጣለለ፣ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ከአጠገባችን የደንገል ታንኳዎች ያልፋሉ። ነገደ ወይጦዎች በዚህ ሙያ ከጥንት ይታወቃሉ። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ታንኳው ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል።

ትልቋ ልጄ «ዓባይን ተከትለን በዚሁ ጀልባ ሱዳን አንደርስም?» ስትል ጠየቀች። በፓናማ ቦይ መርከብ በር ያለው ትልቅ ገንዳ ውስጥ ገብቶ በሩ ይዘጋበታል፤ ውኃው ሲሞላ መርከቡም አብሮ ከፍ ይላል። በእንዲህ ያለ የውኃ ደረጃ 26 ሜትር ይወጣና በሌላው ጫፍ በዚያው መንገድ ይወርዳል። የእኛ ጨረጨራ ግድብም በሮች አሉት። ነገር ግን በ1988 ዓ.ም. የተሠራው ከሐይቁ ወደ ዓባይ የሚወጣውን ውኃ ለመመጠን ነው፤ ጀልባ አያሳልፍም። ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ደግሞ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አለ። «እሱማ ደረጃ የለውም» አለች ልጄ።

አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ዘጌ ደረስን። ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በቡና ጫካ መካከል ሽቅብ ይኬዳል። እናቴ ሦስት ጊዜ አረፈች። ስለቷን አስገብታ፣ በግድግዳው ሥዕሎች ፊት ለልጆቹ ቅዱሳኑን በየስማቸው ስትነግራቸው ጊዜው እንዴት እንደሄደ አላወቅንም።

እናንተም ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ፣ የመንገዱን ሁኔታ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ስለሚነሳ ማለዳ ተሳፈሩ። ዋጋውን የደርሶ መልስ መሆኑን አረጋግጣችሁ ተዋዋሉ። እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉ ገዳማት ሴቶችን ስለማያስገቡ የምትሄዱበትን ለዩ። ከሁሉ በፊት ግን ጃኬት ቁጠሩ፤ ለልጆች የሚሆን ከሌለ አትሳፈሩ።

እናቴ ዲማ ተመልሳ ጎረቤቶቿ «ውኃው አላስፈራሽም?» ሲሏት፣ «ልጄ ቆጥሮ ነው ያሳፈረኝ» ትላቸዋለች አሉ።