ትነትና ማብነን፦ ቤንዚን ከአየር ጋር ስለሚደባለቅበት ሁኔታ የሚነገሩ ቃላት

ስለ ቤንዚን ሞተር የተጻፈ መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ «ካርቡራተር ቤንዚኑን ወደ ተን ለውጦ ከአየር ጋር ይደባልቃል» ብሎ ለመጻፍ ይቀናዋል። ዓረፍተ ነገሩ በአማርኛነቱ አይነቀፍም፤ የሚገልጸው ነገር ግን ትክክል አይደለም።

እርግጥ ልክ የነበረበት ጊዜ አለ። ካርል ቤንዝ በ1886 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ባወጣለት መኪና አየሩ በነዳጁ ላይ እያለፈ የተነነውን ይዞ ወደ ሲሊንደሩ ይገባ ነበር። በ1893 እ.ኤ.አ. ግን በጀርመን ቪልሄልም ማይባህ፣ በሃንጋሪም ዶናት ባንኪና ያኖስ ቾንካ ነዳጁን በቀጭን ቀዳዳ የሚረጭ ካርቡራተር አወጡ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ሌላ ነው። አየር በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ግፊቱ ይቀንሳል። ቤንዚኑ በዚሁ የግፊት ልዩነት ተስቦ ይወጣና በአየሩ ኃይል ይበታተናል። በዚህ ደረጃ እንደ ካፊያ ደቀቀ እንጂ አብዛኛው ገና ፈሳሽ ነው። ዋናው ትነት የሚካሄደው ነጠብጣቦቹ በቧንቧው ሲጓዙና ሲሊንደሩ ውስጥ ሲገቡ ነው።

ሁለቱን ድርጊቶች መለየት የቃላት ቅንጦት አይደለም። ፈሳሽ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ ሲበታተን ብቻ ግን ያን ያህል አይወስድም። አየሩ እርጥበት ካለው፣ የውጭው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሳለ እንኳ በካርቡራተሩ ጉሮሮ በረዶ ሊሠራና ሞተሩን ሊያጠፋ ይችላል። የአነስተኛ አውሮፕላን መመሪያ የሚተረጉም ሰው ሁለቱንም «ትነት» ካለ፣ አብራሪው በረዶው ከምን እንደመጣ ከጽሑፉ ሊረዳ አይችልም።

ለሁለተኛው ድርጊት «ትነት» እና «ተን» ከ«ተነነ» የወጡ ስለሆኑ ያለ ክርክር ይበቃሉ፤ «እንፋሎት» ለውሃ ቢቀር ይሻላል። የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ነው። «መርጨት» ሰፊ ነው፤ በእጅ የተረጨ ውሃም ርጭት ይባላልና የነጠብጣቡን መድቀቅ አይናገርም። «ካፊያ» ምስሉ ያማረ ቢሆንም ግሡ «አካፋ» ከሰማይ አይወርድም። በእኛ አስተያየት የሚሻለው ከ«በነነ» የሚወጣው «ማብነን» ነው። ብናኝ የሚባለው ደረቅ ነገር ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ነገር ግን «ፈሳሽ ማብነን» ሲባል ጥርጣሬው ይወገዳል። ይልቅ የሚያሰጋው «ማትነን» እና «ማብነን» በአንዲት ፊደል ብቻ መለያየታቸው ነው። የማተሚያ ቤት ስሕተት ትርጉሙን እንዳይገለብጠው፣ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ «ማትነን» በሚለው ፈንታ «ወደ ተን መለወጥ» ማለት ይገባል።

መሣሪያውንስ? «አትናኝ» እንበለው የሚል ሐሳብ ከላይ በተባለው ምክንያት ይወድቃል። ጀርመኖች «ጋዝ አድራጊ» በሚል ትርጉም ሰይመውት ያው ስሕተት በስሙ ውስጥ ቀርቷል። የፈረንሳይኛው ቃል ደግሞ ካርቦንን ከማዋሐድ የተነሣ ስለሆነ የመሣሪያውን ሥራ አይገልጽም፤ ቢተረጎምም አይጠቅምም። ካንዴላን፣ ሰልባትዮንና ማርሚታን ከጣሊያንኛ ተቀብሎ ያለ ችግር የሚሠራ መካኒክ ካርቡራተርንም እንደዚሁ ያውቀዋል። ውሰቱ ይቆይ። በአዳዲስ መኪናዎች ቦታውን ኢንጄክተር ቢወስድበትም «ማብነን» ለእርሱም ያገለግላል፤ ለናፍጣ ሞተርም እንዲሁ።

ስለ ድብልቁ መጠን አንድ ነገር እንጨምር። አንድ ኪሎ ቤንዚን ፈጽሞ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ቤንዚኑ ከዚህ ሲበልጥ «ሀብታም»፣ ሲያንስ «ደሃ» ማለት የባዕድ ቋንቋ ጥላ ነው። «የጠገበ» ቢባል በኬሚስትሪ ከሙሌት ጋር ይጋጫል። «ስስ ድብልቅ» ደግሞ ከሁሉ የባሰ ያሳስታል፤ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው አዲስ አበባ ሲመጣ የሚሳሳው አየሩ ነው፤ ድብልቁ ግን በተቃራኒው ቤንዚን ይበዛበታል። ስለዚህ «ቤንዚን የበዛበት» እና «ቤንዚን ያነሰበት» ማለት ቢረዝምም ይመረጣል።