ነፋስ የገባባት እሁድ

እናቴ ታክሲ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ሹፌሩን ወይም ረዳቱን አይደለም፤ መስኮቱን ነው። ተከፍቶ ካገኘችው ትዘጋዋለች። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ላብ በላብ ቢሆን፣ ቢለማመጣት፣ መልሷ አንድ ነው፦ «ነፋስ ይመታኛል ልጄ።» አዲስ አበባ ውስጥ በሚኒባስ መስኮት የተነሳ ቢያንስ አንድ ጊዜ ያልተነታረከ ተሳፋሪ ማግኘት ይከብዳል፤ ከእነዚያ ንትርኮች ጥቂቶቹ የእናቴ ናቸው። እንግዲህ ይህችው ሴት ናት ባለፈው ኅዳር አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሳሎናችን ውስጥ ሁሉንም መስኮት አስዘግታ የነፋስ ዘፈን ስትዳኝ የዋለችው።

የሐሳቡ ባለቤት የ14 ዓመት ልጄ ናት። ከጓደኞቿ ጋር ያደርጉታል፦ አንድ ርዕስ ይመረጣል፣ ሁሉም በርዕሱ አንድ አንድ ዘፈን ያመጣል፣ ይደመጣል፣ ድምፅ ይሰጣል። «ለምን እኛስ ቤት አይሆንም?» አለችና ዝናብ፣ እናት፣ መንገድ፣ ነፋስ የሚሉ ቃላት በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፋ ጠቀለለች። ዕጣውን ያወጣው የ9 ዓመቱ ወንድሟ ነው። ነፋስ ወጣ። ድምፅ የምንሰጠው በሽምብራ እንዲሆን ተስማማን፤ ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ ሲኒ ይቀመጣል፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ፍሬ ሽምብራ ይሰጣል። ለራስ ዘፈን መስጠት ክልክል ነው።

ዋሽንግተን የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ በስልክ ይግባ ያለችውም እሷ ናት። እኔ ዝም አልኩ። አማርኛችን ሁለት ሰዎች ሲቀያየሙ «በመካከላቸው ነፋስ ገባ» ይላል። በእኔና በወንድሜ መካከል የገባው ነፋስ ሦስት ዓመት ሆኖታል። አባታችን ሲያርፍ የመኖሪያ ወረቀቱ ገና ስላላለቀ ለቀብር አልመጣም። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ከዚያ የተለየ ነገር ማድረግ አልችልም ነበር። ነገር ግን ለቅሶውን ብቻዬን የተቀበልኩት፣ እናቴን ብቻዬን የደገፍኩት እኔ ነኝ፤ ይህንንም ለእሱ በለሰለሰ አንደበት መንገር አልቻልኩም። የበዓል ሰላምታ እንለዋወጣለን። ከዚያ አያልፍም።

ለማንኛውም ቡናው ቀረበ። እዚህ 10 ሰዓት ሲሆን እሱ ዘንድ ገና ጠዋት ነው፤ እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅ «አለሁ» አለ።

ስለ ነፋስ የተዘፈነ ነገር መፈለግ ከመጀመሬ በፊት ይህን ያህል ይበዛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ኤልተን ጆን ሻማና ነፋስን ያገናኘበት ዘፈን እ.ኤ.አ. በ1973 ለማሪሊን ሞንሮ ተሠርቶ በ1997 ለልዕልት ዳያና ግጥሙ ተቀይሮ እንደ አዲስ ወጣ። ቤት ሚድለር ወዳጇን ከክንፏ ሥር እንዳለ ነፋስ ቆጥራ የዘፈነችው ደግሞ በሰርግ ቪዲዮዎች ሁሉ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። በእኛ ዘፈኖች ነፋስ ብዙውን ጊዜ መልእክተኛ ነው፤ የራቀ ወዳጅ ጋ ይላካል፣ ከአገር ቤት ሽታ ይዞ ይመጣል። አንዳንዴም የማይጨበጥ ፍቅረኛ ስም ይሆናል። ባለቤቴ ይህን ሁሉ እያወቅን አንዳችንም በአማርኛ የተዘፈነ የነፋስ ዘፈን አለማምጣታችንን እስከ ዛሬ ያነሳዋል። እሱ ራሱም እኮ አላመጣም።

እሱ ያመጣው ዋሽንት ነው፤ የዮሐንስ አፈወርቅን። ግጥም የለውም፣ ስለ ነፋስም አንድ ቃል አይልም። ልጄ ወዲያው «ከርዕስ ውጭ!» አለች። ባለቤቴ ተነስቶ ቆሞ ተከራከረ፦ ሌሎቹ ስለ ነፋስ ያወራሉ፣ ዋሽንት ግን ራሱ ነፋስ ነው፤ ሸምበቆው፣ አራቱ ቀዳዳዎችና የነፊው ትንፋሽ ብቻ፣ ሌላ ምን አለው? እውነቱን ለመናገር ክርክሩ ጥሩ ነበር። ዋሽንት ነፊ ርዝመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንቶች ይዞ የሚዞረው ለዚህ ነው፤ አንዱ ሸምበቆ ውስጥ ያለው አየር ልኩ አንድ ስለሆነ ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ለመጀመር ሌላ ሸምበቆ ማንሳት ይኖርበታል።

ይህን የሰማው ትንሹ ልጄ ወደ ጓዳ ሮጦ ባዶ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አመጣና በአፉ ጠርዝ ላይ እፍ አለበት። «የእኔ ይሄ ነው» አለ። ውድድር ውስጥ አልገባም፤ ግን ብዙም ከእውነታው አልራቀም። ሪቻርድ ሽትራውስ እ.ኤ.አ. በ1915 ባቀረበው የአልፕስ ሲምፎኒ ውስጥ የተራራው ማዕበል ሲነሳ ከኦርኬስትራው መካከል አንዱ ሙዚቀኛ የሚያዞረው የነፋስ መሣሪያ አለ፤ የተወጠረ ሸራና ሸራውን እየፋቀ የሚሽከረከር የእንጨት ከበሮ ነው። በፍጥነት ሲዞር ያፏጫል፣ ሲዘገይ ያቃስታል። ለኦርኬስትራ የተፈቀደ ነገር ለጠርሙስ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም።

እኔ የቦብ ዲላንን አመጣሁ፤ መልሱ በነፋስ ውስጥ ነው የሚለውን። የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ ዜማውን የተመሠረተበት ነጻ የወጡ ባሪያዎች በሚዘፍኑት የቆየ መዝሙር ላይ መሆኑን ራሱ ተናግሯል። በነሐሴ 1963 ማርቲን ሉተር ኪንግ ንግግራቸውን ባደረጉበት የዋሽንግተኑ ሰልፍ ላይ ፒተር፣ ፖልና ሜሪ ዘፍነውታል። ወንድሜ የሚኖርበት ከተማ ስለሆነ ደስ ይለው ይሆናል ብዬ ነበር። እሱ ግን የሰማሁት መስሎኝ ነው እንጂ አዛጋ።

ወንድሜ ያመጣው የጀርመኖቹን የስኮርፒየንስን «የለውጥ ነፋስ» ነው። ድምፃዊው ክላውስ ማይነ ዘፈኑን የጻፈው ቡድኑ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1989 ሞስኮ ውስጥ በአንድ ትልቅ የሮክ ድግስ ላይ ከተጫወተ በኋላ ነው። በዚያው ኅዳር የበርሊን ግንብ ፈረሰ፤ ዘፈኑ በ1991 አውሮፓን ሲያጥለቀልቅ ሰው ሁሉ ስለ ግንቡ የተዘፈነ አድርጎ ወሰደው። በፉጨት ይጀምራል። ትንሹ ልጄ ፉጨቱን ከሰማ በኋላ ሌላ አልሰማም፤ እስከ ዛሬም አልተወውም።

የመጨረሻው የልጄ ነው። ሃያዎ ሚያዛኪ እ.ኤ.አ. በ1984 ከሠራው የነፋሱ ሸለቆ ናውሲካ ከሚባለው የጃፓን አኒሜ የተወሰደ ነው፤ ሙዚቃው የጆ ሂሳይሺ ሲሆን አንዲት ሕፃን ቃል አልባ በሆነ አንደበት «ላ ላ» እያለች ታዜማለች። የዘፈነችው የሂሳይሺ የራሱ የ4 ዓመት ልጅ ናት። እኔና ባለቤቴ ተያየን። አኒሜውን በር ዘግታ ስታይ «ስንት ሰዓት ነው አንቺ?» ከማለት ሌላ ጠይቀናት አናውቅም።

ሽምብራው ሲቆጠር ወንድሜ 3፣ ዋሽንቱ 2፣ ልጄ 1 አገኙ። ዲላን ባዶ ሲኒ ቀረ።

ልጄ «ገና ነው» አለች። እነሱ ዘንድ ሁለተኛ ዙር አለ፤ መጀመሪያ ዘፈኑ ብቻ ይደመጣል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ለምን እንዳመጣው ይናገራልና እንደገና ድምፅ ይሰጣል። ባለቤቴ አልወደደውም። ዘፈን ራሱን ችሎ ካልቆመ ታሪክ ደግፎ አያቆመውም አለ። በዚህ ነጥብ አሁንም አልተስማማንም፤ እኔ ዘፈን ብቻውን የቆመበትን ቤት አላውቅም።

ራሷ ጀመረች። የናውሲካ ሰዎች ሸለቆ ውስጥ ይኖራሉ፤ ከዳር ያለው ጫካ መርዝ ይተነፍሳል። የሚያድናቸው ያለማቋረጥ ከባሕር የሚነፍሰው ነፋስ ነው፤ መርዙን ገፍቶ ያስቀርላቸዋል። ነፋሱ አንድ ቀን ቢቆም ያልቃሉ። «ሌላው ሰው ነፋስ ሲመጣ ይፈራል፤ እነሱ ግን ሲቆም ነው የሚፈሩት» አለች።

እናቴ ሲኒዋን አስቀመጠች። «እኛም እንደዚያው ነን» አለች።

እናቴ የተወለደችው ነፋስ መውጫ አካባቢ ነው፤ ደቡብ ጎንደር፣ ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ስሙ ብቻ የሚያስኮፍን ደጋ። ገብሱ በበሬ ከተወቃ በኋላ ገለባው ከፍሬው የሚለየው በነፋስ ነው። አባቷ ላይዳውን ይዞ አውድማው ላይ ይቆማል፤ ነፋስ ካለ ወደ ላይ ይበትናል፣ ገለባው ይሄዳል፣ ፍሬው ይወርዳል። ነፋስ ከጠፋ ይቀመጣል። እሷ ሕፃን ሆና አጠገቡ ትቀመጣለች። ቀኑን ሙሉ የሚጠብቁበት ጊዜ ነበር፤ ምርቱ ሜዳ ላይ ተሰጥቶ፣ ከብት እየተከላከሉ፣ ደመና እየፈሩ። «ያን ጊዜ አንድ ነገር ያንጎራጉር ነበር» አለች። ቃል እንደሌለው ነገረችን። እንድታሰማን ለመንናት፤ ዘፈን አይደለም ብላ እምቢ አለች፣ ከዚያ አንገቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አሰማችን። አጭር ነው። ልጄ ስልኳን ደርሳ ከፍታ ስለነበር ቀድታዋለች።

ከስልኩ ወዲያ ለአፍታ ድምፅ ጠፋ፤ የተቋረጠ መስሎን ነበር። ከዚያ ወንድሜ ተናገረ።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. እሱ 10 ዓመቱ ነበር፤ እኔ ገና ሕፃን ነኝ፣ ምንም አላስታውስም። አባታችን ማታ ማታ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ የውጭ ጣቢያ ዜና ይፈልግ ነበር። ከዜና በፊት ይሁን በኋላ ያ ፉጨት መጣ። እኛ ቤት ማታ ማፏጨት ክልክል ነው፤ እናቴ አትወድም። አባታችን ግን ከሬዲዮኑ ጋር ቀስ ብሎ አፏጨ፤ ወንድሜ እያየው መሆኑን ሲያውቅ ሌባ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ሳቀ። «ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሲያፏጭ አይቼው አላውቅም» አለ ወንድሜ። «ያረፈ ቀን መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ይህንን ነበር የምሰማው። ሥራ አልገባሁም፤ ቤትም አልገባሁም።»

ይህን ነግሮኝ አያውቅም። እኔም ያን ቀን የት ነበርክ ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

እናቴ «ማፏጨቱንስ እሰማ ነበር» አለች ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ። «ተኝታለች ብሎ ነው።»

ሽምብራው እንደገና ተሰጠ። እኔ የእኔን የት እንደጣልኩ መደበቅ አያስፈልገኝም፤ ወንድሜ ሲኒ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ሐሳቤን አልቀይርም ብሎ እሱም እዚያው መለሰው። ወንድሜ የራሱን ምርጫ ለልጄ በሹክሹክታ ነገራትና ጣለችለት። ሌሎቹን አላየሁም፤ ሲኒዎቹ እናቴ ጉልበት አጠገብ ነበሩ።

የእናቴ እንጉርጉሮ 3። የወንድሜ 2። የልጄ 2።

ትንሹ ልጄ ነው መጀመሪያ ያስተዋለው፤ በጣቱ ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ። እኛ 6 ነን፤ ሽምብራው 7 ነው። ከቁርስ የተረፈው ቆሎ ያለበት ሳህን ማን አጠገብ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አልተናገረም። እናቴ ጀበናውን አንስታ ሦስተኛውን መቅዳት ጀመረች።

ማታ ስልኬ ላይ ከወንድሜ መልእክት ደረሰኝ። እማማ ያሰማችውን ቅጂ ላኪልኝ ይላል። ላክሁለት። ከዚያ ደወልኩ።